ነፋሱ ለታዳጊው፣ መንገዱ ለመንግሥት፦ የረጅም ርቀት የባሕር ጠረፍ የብስክሌት ጉዞ በትምህርት ዓይን

መግቢያ

ታዳጊዎችን በቡድን አሰባስቦ፣ ድንኳንና ስንቃቸውን በየብስክሌታቸው አስጭኖ፣ የባሕር ጠረፍን እየተከተሉ ለቀናት ወይም ለሳምንታት መጓዝ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በትምህርት ዕረፍት ወራት የሚካሄድ የቆየ ልማድ ነው። ስለ ልማዱ የሚደረገው ክርክር ግን በሁለት ጽንፎች መካከል ሲዋልል ይታያል። አንደኛው ወገን ጉዞው ጽናትንና በራስ መተማመንን ያስተምራል በማለት ያወድሰዋል፤ ሌላው ወገን ዐሥራ አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከከባድ ተሽከርካሪ ጎን ማሰለፍ ኃላፊነት የጎደለው ድርጊት ነው በማለት ያወግዘዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱም ወገኖች «አደጋ» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች በመጠቀማቸው ሳይግባቡ ቀርተዋል የሚል ነው። ታዳጊው በዕውቀቱ፣ በጥረቱና በጓደኞቹ እገዛ ሊወጣው የሚችለው ችግር አለ፦ ነፋስ፣ ዳገት፣ ረኃብ፣ ዝናብ፣ የተነፈሰ ጎማ። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ሊመልሰው የማይችለው አደጋም አለ፦ ትከሻ የሌለው ድልድይ፣ ጨለማ ዋሻ፣ ጎኑን ታክኮ የሚያልፍ የጭነት መኪና። የመጀመሪያው የትምህርቱ ዋና ይዘት ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንንም ምንም አያስተምርም። ስለሆነም መልካም የሚባለው ጉዞ የመጀመሪያውን ለታዳጊው የሚተው፣ ሁለተኛውን ደግሞ በሕግና በመንገድ ግንባታ አስቀድሞ የሚቀንስ ነው። ይህን ለማስረዳት የኦሪገንን የፓስፊክ ጠረፍ እንደ ማሳያ እወስዳለሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ አመጣጥ

የወጣቶች ጉዞ ታሪክ ሲመረመር ከጀብዱ በፊት የሚገኘው ማደሪያ ነው። ጀርመናዊው መምህር ሪቻርድ ሺርማን በ1909 ተማሪዎቻቸውን ይዘው በእግር ሲጓዙ ኃይለኛ ዝናብ አግኝቷቸው በአንድ ትምህርት ቤት ካደሩ በኋላ፣ ለወጣት መንገደኞች ማደሪያ የማቋቋም ሐሳብ አፈለቁ፤ በ1912ም በአልቴና ግንብ ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ሐሳቡን ወደ አሜሪካ ያሻገሩት ባልና ሚስት መምህራን፣ ኢዛቤልና ሞንሮ ስሚዝ፣ በ1934 በማሳቹሴትስ ግዛት በኖርዝፊልድ የአገሪቱን የመጀመሪያ የወጣቶች ማደሪያ ከፈቱ። ከርት ሃን በ1941 በዌልስ ጠረፍ በአበርዶቪ «አውትዋርድ ባውንድ» የተሰኘውን ትምህርት ቤት ሲመሠርቱም ወጣቱን ከባሕርና ከተራራ ጋር ያገናኙት በተደራጀ ተቋም አማካይነት ነበር። እንግዲህ የጉዞ ትምህርት አባቶች ልጁን ወደ ሜዳ ከማውጣታቸው በፊት ማታ የሚገባበትን ቤት አሰናድተዋል። ከዚያ ወዲህ የተነሡ አወዳሾች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ቅደም ተከተል ነው።

የኦሪገን ጠረፍ

በሰሜን ከአስቶሪያ ከተማ ተነሥቶ በደቡብ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን የሚዘልቀው የኦሪገን ጠረፍ የብስክሌት መስመር ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ በአውራ ጎዳና ቁጥር 101 ላይ ያልፋል። ተጓዦች ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲጓዙ የሚመከሩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ተጓዡን ከኋላ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ በመሆኑ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ብስክሌተኛ በባሕሩ በኩል ይሆናል፤ ጠረፉን ለማየት ሲቆምም መንገድ ማቋረጥ አይኖርበትም።

ይህ መስመር በዕድል የተገኘ አይደለም። በ1967 የወጣው የጠረፍ ሕግ ሕዝቡ በአሸዋማው ዳርቻ የመጠቀም መብቱን አጸና። በ1971 አገረ ገዥው ቶም ማኮል የፈረሙት የብስክሌት ሕግ ደግሞ፣ አውራ ጎዳና ሲሠራ ወይም እንደገና ሲገነባ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚሆን መተላለፊያ አብሮ እንዲሠራ፣ ከግዛቲቱ የአውራ ጎዳና ገንዘብም ቢያንስ 1 በመቶው ለዚሁ ተግባር እንዲውል ደነገገ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ብስክሌተኛ የራስ መከላከያ ቆብ እንዲያደርግም የግዛቲቱ ሕግ ያስገድዳል።

በጠረፉ ላይ ያሉ በርካታ የግዛቲቱ ፓርኮች በእግርና በብስክሌት ለሚመጡ መንገደኞች ብቻ የተለዩ የድንኳን ቦታዎች አሏቸው። ቦታውን አስቀድሞ ማስያዝ አያስፈልግም፤ ክፍያውም በነፍስ ወከፍ የሚታሰብና አነስተኛ ነው። ይህ ተራ የሚመስል አሠራር ለታዳጊዎች ቡድን ትልቅ ትርጉም አለው። ቡድኑ ደክሞ ካሰበበት መድረስ ቢሳነው ከፊቱ በሚያገኘው ፓርክ ሊያድር ይችላል፤ አስቀድሞ የተከፈለበትን ቦታ ላለማጣት ሲል በምሽት ለመንዳት አይገደድም። ተሳስቶ መታረም የሚቻለው ስሕተቱ ውድ ባልሆነበት ቦታ ነውና፣ የማደሪያው ደንብ ራሱ የትምህርቱ አካል ሆኗል ማለት ይቻላል።

መንገዱ ግን ፍጹም አይደለም። መሐንዲሱ ኮንዴ ማክካሎ የነደፏቸውና በ1936 የተጠናቀቁት የጠረፉ ታላላቅ ድልድዮች የተሠሩት ለዚያ ዘመን ተሽከርካሪ ስፋትና ብዛት ነው። በኩስ ቤይ ላይ የተዘረጋውና ዛሬ በመሐንዲሱ ስም የሚጠራው ድልድይ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለብስክሌተኛ የሚበቃ የመንገድ ትከሻ ግን የለውም። በአንጻሩ በአርች ኬፕና በኬፕ ክሪክ ዋሻዎች መግቢያ ላይ ብስክሌተኛው የሚጫነው ቁልፍ ተተክሏል፤ ሲጫነው በዋሻው ውስጥ ብስክሌተኛ መኖሩን ለአሽከርካሪዎች የሚያስታውቅ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በእኔ እምነት ይህ ቁልፍ የኃላፊነት ክፍፍሉን ከማንኛውም መመሪያ በተሻለ ያሳያል። መብራቱን የተከለው መንግሥት ነው፤ ቆሞ፣ አስታውሶ፣ የኋለኞቹን ጠብቆ ቁልፉን የሚጫነው ግን ታዳጊው ነው።

ነፋስ ምን ያስተምራል?

የአየር ተቃውሞ በብስክሌተኛውና በአየሩ መካከል ባለው ፍጥነት ካሬ መጠን ያድጋል። በመሆኑም ነፋሱ በጥቂቱ ሲጨምር ድካሙ በብዙ ይጨምራል። በጠረፉ ላይ ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከኋላ ሲገፋ ቢረዳም በድልድይ ላይ ከጎን ሲመጣ ብስክሌቱን ያንገዳግዳል። ይህን ለታዳጊ በቃል መንገር ቀላል ነው። ሆኖም ከእንቅልፉ ዘግይቶ የተነሣ፣ ቁርሱን ሲያዘገይ የቆየ ቡድን ድልድዩ ዘንድ ከቀትር በኋላ ሲደርስና ብስክሌቱን በእግረኛ መተላለፊያው ላይ እየገፋ ለመሻገር ሲገደድ፣ የነገው መነሻ ሰዓት ያለ አስተማሪ ቁጣ ይወሰናል። ነፋስ አይገሥጽም፤ አያሞግስም፤ ለማንም አያዳላም። ግብረ መልሱ ፈጣንና ግልጽ ነው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሰው ልጅ ውስጣዊ ተነሣሽነት ራስን በራስ በመምራት፣ በመቻልና ከሌሎች ጋር በመተሳሰር ፍላጎቶች ላይ ይቆማል ይላሉ። የብስክሌት ጉዞ ሦስቱንም ሊያሟላ የሚችለው ውሳኔው በእርግጥ የታዳጊው ሲሆን ብቻ ነው። መንገዱ፣ ምግቡ፣ የመነሻው ሰዓትና የማረፊያው ቦታ በአዋቂዎች ተወስኖ፣ ጓዙም በአጃቢ መኪና ተጭኖ፣ የደከመውም ወደ መኪናው እየተሰበሰበ የሚካሄድ ጉዞ ጤናማ ስፖርት ሊሆን ይችላል፤ የኃላፊነት ትምህርት ግን አይደለም። ጓዝ በየብስክሌቱ ሲጫን ብርቱው የደካማውን ድንኳን መሸከም ይኖርበታል፤ የቡድኑም ፍጥነት የዘገምተኛው ፍጥነት ይሆናል። ይህ ድርድር በየዕለቱ መካሄዱ ከተነዳው ኪሎ ሜትር ይልቅ ዋጋ አለው።

ቡድኑ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ

ከዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከሥነ ልቡና ምርምር የሚመጣ ነው። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክልል ከፍለው የመኪና መንዳት ጨዋታ በኮምፒውተር አጫወቷቸው። ታዳጊዎቹ እኩዮቻቸው አብረዋቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አደጋ ደፈሩ፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን እንዲህ ዓይነት ለውጥ አልታየም። ታዲያ ዐሥር ታዳጊዎችን በአንድነት ቁልቁለት ላይ መልቀቅ ጥበብ ነውን?

ጥናቱ መልስ የሚሻ ነው፤ ሆኖም ቡድንን አይሽርም፤ የቡድንን አደረጃጀት እንጂ። በጨዋታው ውስጥ እኩዮቹ ተመልካቾች ነበሩ፤ የድፍረቱ ዋጋ እነርሱን አይነካም። በጉዞው ግን አንዱ ሲወድቅ የሁሉም ጉዞ ይቆማል። እኩያውን ከተመልካችነት ወደ ባለዕዳነት የሚለውጥ አደረጃጀት ያስፈልጋል፦ ከሦስት ወይም ከአራት የማይበልጡ ንዑሳን ቡድኖች፣ ለተሽከርካሪ ማለፊያ የሚበቃ ክፍተት በመካከላቸው መጠበቅ፣ በየዕለቱ የሚለዋወጥ የመጨረሻ ጠባቂ። ቁልቁለትና ድልድይ ላይ ደግሞ ድርድር የለም፤ በዚያ የአዋቂው ቃል ይጸናል። ነጻነቱ የሚሰጠው በየትኛው ጉዳይ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተለየ፣ «ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ» የሚለው መፈክር አዋቂው ከኃላፊነቱ የሚሸሽበት መንገድ ይሆናል።

ማስረጃው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ጆን ሃቲና ባልደረቦቻቸው በ1997 ያሳተሙት የጥናቶች ጥናት 96 ጥናቶችን አጠቃሎ፣ የጀብዱ ትምህርት አማካይ የውጤት መጠን በመርሐ ግብሩ ማብቂያ 0.34 መሆኑን፣ ከዚያም በኋላ በተደረገ ክትትል ተጨማሪ 0.17 መገኘቱን አመልክቷል። አብዛኞቹ የትምህርት መርሐ ግብሮች ውጤታቸው ከጊዜ ጋር የሚደበዝዝ በመሆኑ ይህ ትኩረት የሚስብ ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ከፍ ያለ ውጤት የተገኘው ከ20 ቀናት በላይ በቆዩ መርሐ ግብሮችና ከተማሪዎች ይልቅ በአዋቂዎች ላይ መሆኑንም ያሳያል። የአንድ ሳምንት የታዳጊዎች ጉዞ «ሕይወት ይለውጣል» ብሎ ማስታወቅ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መናገር ነው።

የአካል እንቅስቃሴ ጥያቄም አለ። በ146 አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2020 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ተማሪዎች 81 በመቶው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን የቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ አያደርጉም፤ በሴቶቹ ላይ ችግሩ ከወንዶቹ ይበረታል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ጉዞ ይህን አይፈታም። ብስክሌት መግዛት የሚችል ቤተሰብ ልጆች ብቻ የሚሄዱበት ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል። የጉዞው ጥቅም ሊመዘን የሚገባው በዕለት ተዕለት ሕይወት በተረፈው ልማድ ነው።

ለእኛ ምርምር የሚተርፈው

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ የሆነባቸው እንደ ባሕር ዳር ያሉ የሐይቅ ዳር ከተሞች ግን አሏት። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂም አውጥታለች። ከኦሪገን ልንወስደው የሚገባን ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ትከሻ ያለው መንገድና ርካሽ ማደሪያ፣ ከዚያ የታዳጊዎች ጉዞ።

ንድፈ ሐሳቡን ግን እንዳለ ልንወስደው አይገባም። የምዕራባውያን የጉዞ ትምህርት መነሻ ኃላፊነት የተነፈገ ታዳጊ ነው። ከብት የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚጓዝ የገጠር ልጅ ጽናትን ከብስክሌት ሊማር አይጠበቅም፤ ምናልባት የጎደለው ለደስታ ብሎ የመጓዝ ፈቃድ ነው። የከተማው ልጅ ግን ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በምርምር ሊፈተን የሚገባ ነው። የማቀርበው መላምትም የጉዞው ትምህርታዊ ውጤት የሚወሰነው በርቀቱ ሳይሆን ለታዳጊዎቹ በተተዉ፣ መዘዝ ባላቸው ውሳኔዎች ብዛት ነው የሚል ነው። ይህም በየዕለቱ ማን ምን እንደወሰነ በመመዝገብ፣ ከጉዞው በፊት፣ ወዲያው በኋላና ከስድስት ወር በኋላ በመለካት፣ ቦታ አጥተው ከቀሩ አመልካቾች ጋር በማነጻጸር ሊጠና ይችላል።

ማጠቃለያ

ታዳጊን ከአደጋ ሁሉ መጠበቅና ለአደጋ ሁሉ ማጋለጥ ሁለቱም ማሰብን ይተካሉ። የሚያስፈልገው መለየት ነው። ነፋሱን፣ ዳገቱን፣ የምሽቱን ራትና የዘገየውን ጓደኛ ለታዳጊዎቹ እንተውላቸው። ድልድዩን፣ ዋሻውንና የመንገዱን ትከሻ ግን በእነርሱ ትከሻ ላይ አንጫን፤ ያ የእኛ የአዋቂዎች ዕዳ ነው።