የታይሮይድ ዕጢ መድከምና ውፍረትን የመቀነስ ነገር

አባቶቻችን መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ ያዩ እንደ ሆነ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ይህ አነጋገር እንቅርት ለደጋው ሕዝባችን እንግዳ ደዌ አለመሆኑን ይመሰክራል። ዳሩ ግን በአንገት ላይ ወጥቶ የሚታየውን እብጠት ሁላችን ስናውቀው፣ የእብጠቱ መነሻ የሆነችውን ትንሽ ዕጢ ሥራዋን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ዕጢዋ ሳታብጥ በዝምታ የደከመች እንደ ሆነማ የሚጠረጥራት የለም ለማለት ይቻላል። በዚህ ወር ስለዚህችው ዕጢና ስለ ሰውነት ክብደት ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ራሴ የፈጸምኩት አንድ ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ አንዲት አስተማሪ ወደ እኔ መጡ። ክብደታቸው እየጨመረ፣ ፊታቸው እያበጠ፣ ደረጃ መውጣት እየከበዳቸው መሄዱን ነገሩኝ። እኔም ሚዛን ላይ እንዲቆሙ አድርጌ ቍጥሩን ካየሁ በኋላ፣ ብዙ ሳልጠይቅ፣ «እንጀራውን ይቀንሱ፤ ማታ ማታም አይብሉ» አልኋቸው። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ዶክተር፣ እኔ እኮ የምበላው ከልጆቼ ያነሰ ነው» አሉኝ። (የጤና መኮንን እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ ነገር ግን በከተሞቻችን ነጭ ልብስ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ተብሎ ይጠራልና መቃወሙን ትቼዋለሁ።) ቃላቸውን አላመንሁም። በሽተኛ ሁሉ የሚበላውን አሳንሶ ይናገራል የሚል ትምህርት በልቤ ነበረና።

ወራቱ የዐቢይ ጾም ነበር። አስተማሪዋ ምክሬን ከሚገባው በላይ ተቀብለው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ በኋላ ማታውንም ጥቂት ቀምሰው ይተኙ ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት በክፍል ውስጥ፣ በተማሪዎቻቸው ፊት፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳለ ወደቁ። ደግፈው ወደ እኛ ባመጧቸው ጊዜ ሚዛኑ ከፊተኛው አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ነበር የቀድሞ ካርዳቸውን አገላብጬ ያነበብሁት። ከሦስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ኪኒን እንዲውጡ ታዘዋል። «መድኃኒቱን ይወስዳሉን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንድ ቀን አላስታጐልኩም፤ ጧት ከቡናዬ ጋር እውጠዋለሁ፤ ለደም ማነስ የተሰጠኝንም ኪኒን አብሬ። በጾም ጊዜ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር» ብለው መለሱልኝ።

የነገሩ ቍልፍ ይኸው ነበር። ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድን የሚወድ መድኃኒት ነው። ቡና አብሮት ከተጠጣ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒንና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ በሆድ ውስጥ ይዘውት፣ ሥራውን ሳይሠራ ከሰውነት ይወጣል። እኒህ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ በየዕለቱ መድኃኒት ሲውጡ፣ ከመድኃኒቱ ያገኙት ጥቂቱን ብቻ ነበር። ባሕር ማዶ በተማርሁበት ቦታ በሽተኛው ኪኒኑን ከቍርስ በፊት በውሃ ብቻ እንዲውጥ ይነገረዋል፤ ስለ ጾምና ስለ ቡና ሥርዓታችን ግን ያስተማረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ዕጢዋ እንመለስ። ታይሮይድ ከማንቍርት በታች በአንገት ፊት የምትገኝ፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ከምግብ የምታገኘውን አዮዲን ይዛ ሆርሞን ትሠራለች፤ ይህም ሆርሞን በደም እየተጓዘ ሰውነት ምን ያህል እንዲሞቅ፣ ልብ በምን ፍጥነት እንዲመታ፣ አንጀት እንዴት እንዲንቀሳቀስ ይወስናል። ዕጢዋ የደከመች እንደ ሆነ ሁሉም ነገር ይዘገያል። ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ጠጕሩ ይሳሳል፣ ድምፁ ይጐረናል፣ ነገር ይረሳል፤ በሴቶች ላይ የወር አበባ ይበዛል። በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል። መንሥኤው የአዮዲን እጥረት፣ ወይም የሰውነት መከላከያ ኀይል ተሳስቶ የገዛ ዕጢውን ማጥቃቱ፣ ወይም እንደ አስተማሪዋ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና መውጣቷ ሊሆን ይችላል። ደግሞም እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ዕጢው ደክሟል ማለት አይደለም፤ ዕጢው የደከመበትም ሁሉ እንቅርት አይታይበትም።

እነዚህን ምልክቶች በእኛ አገር ማስተዋል አስቸጋሪ ነው። ሱሉልታን የመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ቀዝቃዛ ከተማ ውስጥ ሁሉ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ሲሄድ፣ ከሌላው ይልቅ የሚበርደውን ማን ለይቶ ያያል? ልጆች አሳድጋ፣ ቤት ጠርጋ፣ ስድሳ ተማሪ አስተምራ የምትገባ ሴት ደከመኝ ብትል ማን ይደነቃል? ስትወፍር ደግሞ ግማሹ ሰው «ተመችቷታል» ይላታል፤ ግማሹም «ሰነፈች» ይላታል። ሁለቱም ወደ ሐኪም አይልኳትም።

ምርመራው ከደም የሚደረግ ነው። በአእምሮ ሥር ያለች ሌላ ዕጢ ለታይሮይድ ትእዛዝ የምታስተላልፍበት ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለ ሆርሞን አለ። ታይሮይድ ስትደክም ትእዛዙ ይበረታል፤ አለቃ በሠራተኛው ላይ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ማለት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የቲ.ኤስ.ኤች. ቍጥር ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢዋ ዝቅ ማለቷን ያመለክታል። ብዙ ሰዎች ይህን ገልብጠው ስለሚረዱት «ዕጢዬ በዝቷል» ብለው መድኃኒቱን ያቆማሉ። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ሁሉ ላይገኝ ይችላል፤ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

ከውፍረቱ ምን ያህሉ የዕጢዋ ዕዳ ነው? በዚህ ላይ አንባቢዎቼን ደስ የማያሰኝ ነገር መናገር ግዴታዬ ነው። የታይሮይድ መድከም ብቻውን የሚጨምረው ክብደት በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ከዚህም የሚበዛው ጮማ ሳይሆን በሰውነት የተጠራቀመ ውሃና ጨው ነው። መድኃኒቱ በትክክል ሲወሰድ ይህ ክፍል ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከሚገባው በላይ 15 ኪሎ የጨመረ ሰው ግን የቀረውን 10 ኪሎ በዕጢው ላይ ሊያላክክ አይችልም፤ ያ እንደ ማንኛውም ሰው በምግብ፣ በመቀመጥ ብዛትና በእንቅልፍ ማጣት የመጣ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን እቃወማለሁ። በሽተኛዋን ሆዳም የሚላት ይሳሳታል፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። «ዕጢዬ ነው፤ ምንም ባደርግ አልቀንስም» ብሎ የሚቀመጠውም ይሳሳታል። ዕጢው በመድኃኒት ከተስተካከለ በኋላ ሰውነቱ እንደ ሌላው ሰው ሰውነት ይቀንሳል።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚቃናው የኪኒኑ ሰዓት ነው። ጧት እንደ ተነሡ በንጹሕ ውሃ ውጦ፣ ቡናም ሆነ ቍርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ማዘግየት ይገባል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ከእርሱ 4 ሰዓት ርቀው ይወሰዱ። በጾም ምክንያት ጧት ውሃ የማይቀምስ ሰው፣ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ፣ ራቱን ከበላ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲተኛ ሊውጠው ይችላል፤ በረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም እንዲሁ። ጾሙን ከመድኃኒቱ ጋር ማስማማት ይቻላልና፣ አንዱን ለሌላው መተው አያስፈልግም። መጠኑ ከተለወጠ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ደም እንደገና ይመረመራል፤ ከዚያ በፊት ቢመረመር እውነተኛውን አያሳይም። ያረገዘች ሴት ግን ሳትውል ሳታድር ለሐኪም ትንገር፤ በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን ይጨምራልና፣ የፅንሱ አእምሮም በእናቱ ሆርሞን ላይ የተመሠረተ ነውና።

ከዚያ በኋላ የምግቡ ነገር ይመጣል። ስለ እንጀራ ብዙ ይነገራል፤ እኔ ግን ስለ ዘይትና ስለ ስኳር የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ይገርመኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ የጾም ወጣችንም በዘይት የሚዋኝበት ቤት ብዙ ነው። «ጾም ላይ ነኝ» እያለ የሚወፍር ሰው ያየ አንባቢ ምክንያቱን እዚያ ይፈልገው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ ስኳር፣ ማለት 190 ካሎሪ ገደማ፣ ምግብ መሆኑን ሳያስብ ይውጣል። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ነው። ጎመንን በተመለከተ አስተማሪዋን ጎረቤቶቻቸው «ለዕጢ አይሆንም» ብለው አስትተዋቸው ነበር። የበሰለ ጎመን በልክ ቢበላ አዮዲን የሚያገኝ ሰው አይጐዳም፤ ሆድም ይሞላል፤ አንጀትም ያለሰልሳል። መልሰው እንዲበሉት መከርኋቸው።

እርምጃም ያስፈልጋል። በሱሉልታ ሜዳ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡትን አትሌቶቻችንን እያየን እኛም እንደ እነርሱ ካልሮጥን ዋጋ የለውም የምንል አለን። ይህ ተስፋ ለመቍረጥ የተዘጋጀ ሰበብ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፤ ልቡ የታመመና ዕጢው ገና ያልተስተካከለ ሰው ግን በቀስታ ይጀምር። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ ለመቀነስ መቸኰልም አይገባም። ሚዛን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ይበቃል። (በየጤና ጣቢያው በራፍ ላይ፣ ወረፋ በሚጠብቅ ሕዝብ ፊት የሚቀመጠው ሚዛን ወደ ውስጥ ቢገባ መልካም ነበር። ብዙ ሴቶች ከሕመሙ ይልቅ ያንን ፈርተው ይቀራሉ።)

አሁን ደግሞ ዝም ልለው የማይገባኝ ነገር አለ። ዕጢያቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች ለመቅጠን ሲሉ የታይሮይድ ኪኒን ይውጣሉ፤ የታመሙትም ቶሎ ለመቀነስ መጠኑን በገዛ ፈቃዳቸው ይጨምራሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ የታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ መድኃኒት ዕጢዋ ለደከመባት ሴት ሰጥቶ ከከባድ ሕመም አዳናት፤ እርሷም በዚሁ ሕክምና እስከ 1919 ኖረች። ይህ ድንቅ ዜና በተሰማ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግን ጤነኞች ያንኑ ጭማቂ ለመቅጠን ይገዙት ጀመር። ያለ ልክ የተወሰደ ሆርሞን ልብን በሥርዓት እንዳይመታ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ከጮማው ጋር ጡንቻን ይበላል። ዛሬ በአሜሪካ ይህ መድኃኒት ለውፍረት እንዳይወሰድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ከመድኃኒቱ መግለጫ በላይ፣ በሳጥን ተከቦ ይታተማል። መድኃኒት ቤቶቻችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒኑን ለሚጠይቅ ሁሉ መከልከል አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጨውም ባጭሩ ላንሣ፤ የብዙው እንቅርት ምንጭ የአዮዲን እጥረት ነውና። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት የምንበላው ጨው በአብዛኛው ከአሰብና ከምጽዋ አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ የአፍዴራ ጨው ተተካ፤ አዮዲን ግን አልነበረበትም። በፈረንጆች 2007 የታተመ አንድ አገር አቀፍ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው ገለጸ። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በ89ኙ ተገኘ። ይህ ጨው ገና ያልደከመችውን ዕጢ ይጠብቃል፤ በቀዶ ሕክምና የወጣችውን አይመልስም፣ ማንንም አያቀጥንም። አዮዲኑ በፀሓይና በእርጥበት ስለሚጠፋ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ብዙ መጨመር ግን የደም ግፊትን ማስነሣት ነው።

አስተማሪዋ ኪኒናቸውን በውሃ፣ ቡናቸውን ከሰዓት በኋላ፣ የብረቱን ኪኒን ማታ መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ በሦስት ወር ውስጥ አራት ኪሎ ቀነሱ፤ የፊታቸውም እብጠት ጠፋ። ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ወር፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው በእግራቸው እየሄዱ፣ ሌላ አምስት ኪሎ ቀነሱ። ከዚህ የቀረው አሁንም አልወረደም። ባለፈው ጊዜ የልጃቸው ሠርግ ደርሶ፣ «ዶክተር፣ ኪኒኗን አንድ ከፍ ቢያደርጉልኝስ?» ብለው ለመኑኝ። የደማቸውን ወረቀት አሳይቻቸው እንቢ አልሁ። ስቀው፣ «እንግዲያው ቀሚሱን ሰፋ አድርገው ይስፉት» ብለው ወጡ።