ስታሸንፍ የኛ፣ ስትሸነፍ የራሷ

ስለ አንድ መጥፎ ልማዳችን ልጽፍ ነው። «ልማዳችን» ያልኩት ራሴንም ጨምሬ ነው፤ የኔን ጥፋት ወደ መጨረሻው አካባቢ ታገኙታላችሁ።

እኔ አቃቂ ነው ያደግኩት። ቦታው ከእንጦጦና ከሱሉልታ ዝቅ ያለ ነው፤ ከቤቶቹ ወጣ ሲባል ደግሞ ሜዳማ የኮረኮንች መንገድ አለው። በዚህ የተነሳ ታላላቅ አትሌቶቻችን ለልምምድ ከሚወርዱባቸው ቦታዎች አንዱ አቃቂ ነው። በጠዋት አቧራውን እያስነሱ የሚያልፉ ሴት ሯጮችን ማየት ለአቃቂ ልጅ ብርቅ አይደለም። ስለዚህም ይመስለኛል ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም አሠልጣኝ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ማን «ጨረሰች»፣ ማን «ገና ናት» የሚለውን የሚበይን ሞልቷል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክን የተከታተልኩት እዚያው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳፍ ጸጋይ ሦስት ርቀት ልትሮጥ መሆኑ ሲሰማ ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ለምን አይናወጥ! በ2022 ዩጂን ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ 5,000 ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረች ልጅ ናት።

ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። በ5,000 ሜትር 9ኛ፣ በ10,000 ሜትር 6ኛ፣ በ1,500 ሜትር 12ኛ። በሦስት ርቀት አንድም ሜዳሊያ የለም።

ያን ጊዜ የሰማሁትን ብጽፈው ቡለቲኑ አይበቃውም። «ብር አይታ ነው»፤ «ጠግባለች»፤ «አለቀላት በቃ»፤ «ሦስት የፈለገችው ስግብግብ ሆና ነው»። ከአንድ ሳምንት በፊት «ጉዳፋችን» ሲሉ የነበሩት ሰዎች «እሷ» ማለት ጀመሩ። ስታሸንፍ የኛ ናት፤ ስትሸነፍ የራሷ ናት ማለት ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እስቲ ቁጭ ብለን እንቁጠር። ጉዳፍ ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር ማጣሪያና ፍጻሜ፣ የ1,500 ሜትር ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ፣ እንዲሁም የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሮጣለች። ከነሐሴ 2 እስከ 10፣ በ9 ቀን ውስጥ 6 ውድድር። ሲደመር 24 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ያውም የልምምድ ሩጫ ሳይሆን ከዓለም ምርጦች ጋር። የ10,000 ሜትሩን በሮጠች በማግሥቱ የ1,500 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቆማለች። በ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ ደግሞ መጨረሻው ሲቃረብ ከኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ጋር ተገፋፍታ ሪትሟ ተሰብሯል። ጥቂት ወር ቀደም ብሎ ግንቦት ላይ ዩጂን ውስጥ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ05.92 ሰከንድ ሮጣ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረችው ቢያትሪስ ቼቤት ቀጥሎ ሁለተኛ የገባችው ይቺው ልጅ ናት። እንዲህ የሮጠች ልጅ በሁለት ወር ተኩል «አለቀላት» ይባላል እንዴ?

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፤ «ሲፋንስ?» ይባላል። እውነት ነው፣ አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በዚያው ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ፣ በመጨረሻው ቀን ማራቶኑን አሸንፋለች። ከ62 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሮጠችው። ታዲያ ጉዳፍ ለምን አቃታት?

እኔ የምመልሰው በሌላ ጥያቄ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቡዳፔስት ላይ ይቺው ሲፋን ሦስት ርቀት ሞክራ የለም ወይ? የ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ ሊያልቅ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ወድቃ 11ኛ አልወጣችም? ያን ቀን አሸናፊዋ ማን ነበረች? ጉዳፍ! ሲሳካ «ጀግንነት»፣ ሳይሳካ «ስግብግብነት» የምንለው ድርጊት አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ውጤቱ ብቻ ነው። ውጤቱን አይቶ ወደ ኋላ ሄዶ የሰው ፀባይ መፍጠር ደግሞ ትንተና ሳይሆን ሐሜት ነው።

አትተቹ እያልኩ አይደለም። ደጋፊ ዝም ይበል ካልንማ ስፖርቱ ራሱ ይሞታል። ሦስት ርቀት ማስመዝገቡ ትክክል ነበር ወይ? በ1,500 ሜትሩ ፍጻሜ ከመነሻው ከፊት ሆኖ ያንን ያህል መፍጠን ያዋጣ ነበር ወይ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም ብጠየቅ ሦስቱ በዝቷል ባይ ነኝ። ግን ውሳኔን መተቸት ሌላ፣ ሰውን መናቅ ሌላ። «ውሳኔው ልክ አልነበረም» የሚል ሰው ነገ የሚታረም ነገር ጠቁሟል። «ጠግባለች» የሚል ሰው ግን ምን ጠቆመ? ምንም።

ደግሞ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ስለ ቀነኒሳ በቀለ የድካም ዓመታት ሲነሳ የምንሰማው ስለ ባቱ ጉዳት ነው። ትክክልም ነው፣ ተጎድቶ ነበር። የሴቶቹ ሲሆን ግን ወሬው ቶሎ ብሎ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ትዳሯ፣ ባሏ፣ ልጇ፣ ፎቋ። ወንዱ ሲዳከም ሐኪም እንጠራለን፤ ሴቷ ስትዳከም ሽማግሌ ልንጠራ ምንም አይቀረን።

የኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚያስተምረን። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ወሰደች። በ1996 አትላንታ ላይ 4ኛ ወጣች። በ1998 ወለደች። በዚያን ጊዜ «ደራርቱ አበቃላት» ያለ ሰው ካለ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ዳግም ወርቅ ስታጠልቅ የት ገብቶ ይሆን? እሷ ግን በዚያም አላበቃችም፤ በ2009 በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2008 ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ከወሰደች በኋላ የ2009ኙም የ2011ዱም የዓለም ሻምፒዮና በጉዳት አልፏታል። በ2012 ለንደን ላይ ግን የ10,000 ሜትር ወርቋን ደገመችው። ጉዳፍ ራሷም ከፓሪስ በኋላ በመጋቢት 2025 ናንጂንግ ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆናለች፤ መስከረም ላይ ቶኪዮ ውስጥ በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳለች። አለቀላት የተባለችው ልጅ ማለት ነው።

ይህ ተአምር አይደለም፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ የምንማረው ነገር ነው። ሰውነት ጫና ይቀበላል፣ ይደክማል፣ ዕረፍት ሲያገኝ ከበፊቱ ጠንክሮ ይነሳል። ዕረፍቱ ካጠረ ጥንካሬው ቀርቶ ድካሙ ይጠራቀማል። ከፍተኛ ብቃት ዓመቱን ሙሉ አይቆይም፤ ጥሩ አሠልጣኝ የሚያደርገው ጫፉን ከዋናው ውድድር ጋር ማገናኘት ነው። ሴት አትሌቶች ላይ ደግሞ በወር አበባ ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት በብዛት ይታያል፤ የሚበሉት ከሚያወጡት ጉልበት ካነሰም አቋማቸው ይወርዳል፣ ለጉዳትም ይጋለጣሉ። ይህን ሁሉ ለፈተና እናጠናዋለን፤ ሜዳ ዳር ስንቆም ግን እንረሳዋለን።

እኔም ረስቼው ነበር። አሁን ወደራሴ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት በተደረገው የዲፓርትመንቶች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድር የኛ ቡድን ሙሉ ተስፋ በአንዲት ልጅ ላይ ነበር። ስሟን አልጠራም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ቡድኑን ብቻዋን ተሸከመችው ማለት ይቻላል። ዘፈንንላት። በአራተኛው ጨዋታ ኳሱ እምቢ አላት፤ በአምስተኛው ባሰ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሩጫዋ ሁሉ ከበዳት። እኛ ደግሞ ዳር ላይ ጀመርን፤ «ኩራት ነው»፣ «ልቧ ሌላ ቦታ ነው»፣ «የያዘችው ሰው አለ»። «አስወጧት!» ብሎ ከጮኸው ድምፅ አንዱ የኔ ነበር። ዞር ብላ አየችን። ማን እንደጮኸ የለየች አይመስለኝም፤ እኔ ግን ዓይኗን አይቻለሁ።

በኋላ የዶርም ጓደኛዋ እንደነገረችኝ ነገሩ ቀላል ነበር። አራተኛው ጨዋታ የተደረገው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ልጅቷ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ጨዋታው የሚጀመረው 10 ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም፤ አንድ ሰዓት ሲቀረው የካፌ ሽሮ ጎረስ አድርጋ ሜዳ ትገባለች። የሚገርመው ከኛም ከጯኺዎቹ አብዛኞቻችን ጾመኞች ነበርን። እሷ ምን እየሆነች እንደነበር ከማንም በላይ ማወቅ ይገባን ነበር። ልዩነቱ እኛ ተቀምጠን መጾማችን ነው።

የቀሩትን ጨዋታዎች አልተሰለፈችም። ዘንድሮ ለቡድኑ ምዝገባ ሲወጣም ስሟ የለም። ጉዳፍ የአቃቂ ሻይ ቤት ምን እንዳለ ላትሰማ ትችላለች፤ የኛዋ ልጅ ግን በአምስት ሜትር ርቀት ሰምታናለች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ከፈልን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የውድድር ፕሮግራም የምታወጡ መምህሮቻችንና የስፖርት ኮሚቴ አባላት፣ የሁዳዴና የረመዳን ጊዜ ሲሆን የጨዋታውን ሰዓት ከተጫዋቾቹ ጋር ተመካከሩበት፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ለውጥ ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ተማሪዎች «አለቀላት» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ በስንት ቀን ስንት ጨዋታ ተጫወተች? መቼ አረፈች? ምን በላች? መልሱን ካላወቅን ስለ ፀባይዋ የምናወራበት ምንም መሠረት የለንም።

ለዚያች እህታችን ደግሞ፣ ይህ ቡለቲን እጅሽ ከገባ፣ ከጮኹት አንዱ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ። ማሊያሽን ማንም አልወሰደውም።

ቸር ይግጠመን።