አማርኛዎ ይበቃል
የልጆቹ የእንግሊዝኛ ደብተር ሲከፈት ብዙ አያቶች ገለል ይላሉ። እኔ ግን «አይነሱ፣ አማርኛዎ ይበቃል» እላለሁ።

መጨረሻቸው «ለስ» የሆኑ ቃላትን እንውሰድ። «ለስ» ከስም ጋር ሲቀጠል ያ ነገር የለም ማለት ነው። «ዋየር» ሽቦ ነው፤ «ዋየርለስ» ሽቦ አልባ። «ሆም» ቤት፣ «ሆምለስ» ቤት አልባ። «ሆፕ» ተስፋ፣ «ሆፕለስ» ተስፋ ቢስ። «ኤንድ» ማለቂያ፣ «ኤንድለስ» ማለቂያ የለሽ። እኛስ «አልባ»፣ «ቢስ»፣ «የለሽ» እያልን አይደል ያደግነው?

በእኔ ቤት የልጅ ልጄ እንግሊዝኛውን ይጠራል፤ እኔ አማርኛውን እመልሳለሁ። መጨረሻውን የለየ ልጅ ያልተማረውንም ቃል ይገምታል፤ ሁሉን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ግምት ግን ይስታል። «ፕራይስ» ዋጋ ነው፤ «ፕራይስለስ» ግን ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው። ዋጋ ቢሱ «ወርዝለስ» ነው። «ብሌስ»ም መባረክ እንጂ የዚህ ቤተሰብ ቃል አይደለም። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ ይገምት፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ይግለጥ። እርስዎም «ታዲያ በአማርኛ ምን ይባላል?» እያሉ ይጠይቁት። ሁለቱንም ቋንቋ አብሮ ያጠናል።