መሳቢያ ውስጥ የተኛው ዎክማን

ከቁም ሣጥንዎ አናት ላይ ወይም ከመሳቢያው ጥግ፣ ከአሮጌ ቻርጀሮችና ከቆሙ የእጅ ሰዓቶች ጋር የተወሸቀ ዎክማን የለም? ካለ አይጣሉት። ምናልባት የጎደለው አንድ ቀጭን ላስቲክና ጥቂት አልኮል ብቻ ይሆናል።

ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979 ነበር። ያ ሰማያዊና ብርማ መሣሪያ የኤርፎን መሰኪያው ሁለት ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዘፈን አብረው እንዲሰሙበት። ብርቱካናማዋን ቁልፍ ሲጫኗት ደግሞ ሙዚቃው ዝቅ ይልና ኤርፎናቸውን ሳያወልቁ ማውራት ይችላሉ። በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ሞዴሎች አንድ መሰኪያ ብቻ ቀርቶላቸዋል። እኔን እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ እርስዎ ዎክማን እንመለስ። መጀመሪያ የድንጋይ ማስቀመጫውን ይክፈቱ። ድንጋዩ ውስጡ ተረስቶ ከሆነ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያገኛሉ። የአልካላይን ድንጋይ ፍሳሽ ከሆነ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አስነክተው ይጥረጉት፣ ከዚያ በደንብ ያድርቁት። አዲስ ድንጋይ ሲገባ ሞተሩ እያጉረመረመ ካሴቱ ካልዞረ፣ ወይም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ከተጎተተ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የላስቲኩ ነው። ላስቲክ በዕድሜ ይላላል፤ አንዳንዱም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ እንተካ የሚል ዘመድ አይጠፋምና አይስሙት፤ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። የድሮ ቴፕ የሚያውቅ ጠጋኝ ጋ ይውሰዱት፤ ልኩን አይቶ ይቀይርልዎታል።

ጽዳቱን ግን ቤት ውስጥ ይሠሩታል። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ንጹህ አልኮል ነክረው ሄዱን፣ ማለትም የካሴቱ ክር የሚያልፍበትን የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ቡናማው እድፍ እስኪለቅ ይጥረጉ። ሽቶም አረቄም አይሆንም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ብዙ ቤት ውስጥ ከዘፈን ካሴቶቹ መሐል በእጅ ጽሑፍ ስም ብቻ የተጻፈበት አንድ ካሴት አለ። የውጭ ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ላለ ዘመድ ድምፅ ተቀርጾ በሰው እጅ ይላክ ነበር፤ መልሱም እንዲሁ ይመጣል። የአያት ምርቃት፣ የጎረቤት ሰላምታ፣ ከኋላ የሚያለቅስ ሕፃን፤ ያ ሕፃን ዛሬ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ካሴት መጀመሪያ እንዳያስገቡት! ያልተሞከረ ዎክማን ካሴት ይበላል። ቢጠፋ የማይቆጭዎትን ዘፈን አስገብተው ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻ ያጫውቱ። ዎክማኑ መቅረጫ ያለው ከሆነ ደግሞ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ በላዩ ላይ በስህተት መቅረጽ አይቻልም። ለዓመታት ያልተነካውን ክር በእርሳስ ቀስ ብለው ትንሽ ያዙሩትና እንደማይጣበቅ ያረጋግጡ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።

ለዕለት ተዕለት መስሚያነትስ? እውነቱን ለመናገር ድምፁ ከስልክዎ አይበልጥም፤ የክሩ ሹክሹክታ ሁልጊዜ አለ። ግን ማስታወቂያ አያቋርጠውም፣ መልእክት አይመጣበትም፣ ዘፈን ለመዝለልም ያሰንፋል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ገጹ 30 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ የእግር ጉዞ ወይም ለአንድ ቡና ይበቃል። ቤተሰቡ በሙሉ ይስማ ካሉ ከኤርፎን መሰኪያው ወደ ስፒከር የሚሄድ ገመድ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ይገኛል።

ያው ገመድ፣ ድምፅ ማስገቢያ መሰኪያ ካለው ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የቤተሰቡን ካሴት ለመቅዳት ያገለግላል። የሚቀዱበትን ቀን ግን እናትዎ ወይም አጎትዎ ባሉበት ያድርጉት። ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚሳቅበት፣ ያ ሰላም በሉልኝ የተባለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ እየሰሙ ይንገሩዎት፤ እርስዎ ወረቀት ይዘው ይጻፉ።