የእናት ጡት ነካሽ ማን ነው?

አገሩንና ወገኑን የከዳ ሰው በአማርኛ «የእናት ጡት ነካሽ» ይባላል። የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው በስምምነት ልጅ ሲሆን ደግሞ «የጡት ልጅ» ይባል ነበር። ከእነዚህ አባባሎች እንደምትረዱት በቋንቋችን ውስጥ ጡት የውለታ፣ የዝምድናና የቃል ኪዳን ስም ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ ለሚናገር ሕዝብ ልጅዋን የምታጠባ እናት በአደባባይ የክርክር ርእስ ትሆናለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ክርክሩ በዓለም ላይ አለ፤ በፎቶግራፍና በወሬ መልክም ወደ እጃችሁ ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ልታስቡበት ይገባል።

ግንቦት 13 ቀን 2004 ዓ.ም. የወጣው «ታይም» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አትሞ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ አንዲት የ26 ዓመት ወጣት እናት ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅዋም በትንሽ ወንበር ላይ ቆሞ ጡትዋን ይጠባል። ከአጠገቡም እናቶችን በእናትነታቸው ብቁ መሆን አለመሆናቸውን የሚጠይቅ ርእስ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። በዚህም የተነሣ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ብርቱ ጭቅጭቅ ሆነ። ገሚሱ እናቲቱን ነውረኛ አላት፤ ገሚሱም ይህን ያህል ዘመን ያላጠቡትን ሌሎች እናቶች ወቀሰ። በመጽሔቱ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ግን በአንድ የሕፃናት ሐኪም የልጅ አስተዳደግ ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበር። ሽፋኑን አይቶ የተከራከረው ሰው ሁሉ ጽሑፉን አንብቦት ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ፎቶግራፍ ለአንዲት የባሌ ደጋ እናት ቢታያት የሚያስገርማት ምኑ ይመስላችኋል? የልጁ ዕድሜ አይመስለኝም፤ ወንበሩ ነው። ልጅ ጡት የሚጠባው በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ነውና። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ታጠባዋለች፤ አጠገብዋ የተቀመጠው ሰውም ስለ ገብስ ዋጋ የጀመረውን ጨዋታ ይቀጥላል። በጊኒር በኩል አልፈው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ከሚጓዙት ምእመናን መካከል ልጅ ለማግኘት የሚለምኑ፣ ያገኙትንም ልጅ አዝለው ለምስጋና የሚመለሱ ሴቶች አሉ። በዚያ ታላቅ ጉባኤ መካከል አንዲት እናት ልጅዋን ብታጠባ ነውር ሠራች የሚላት የለም።

ይህም አክብሮት ሥር አለው። በቆየው የአርሲና የባሌ ኦሮሞ ባህል የወለደች ሴት በግንባርዋ ላይ ቀነፋ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረችን ሴት መምታትም ሆነ መስደብ ከባድ ጥፋት ነው፤ ይህ ቢደረግባት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጡላታል። ቁርዓን በሁለተኛው ምዕራፉ ሙሉውን የማጥቢያ ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎ ያስቀምጣል፤ በኦሪት ዘፍጥረትም ይስሐቅ ጡት በተወ ቀን አብርሃም ታላቅ ግብዣ ማድረጉ ተጽፏል። የዛሬው የሕክምና ትምህርትም ከዚህ አይርቅም። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እናትና ልጅ እስከፈለጉ ድረስ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን እንደሚደግፍ አስታውቋል።

ከዚህ በመነሣት ግን «እንግዲያው እኛ ትክክል ነን፤ ስሕተቱ የሌሎች ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ረጅም ጊዜ ማጥባት ብቻውን በቂ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ስድስት ወር ካልሞላቸው 100 ሕፃናት መካከል የእናታቸውን ጡት ብቻ የሚጠቡት 58ቱ ነበሩ። በየቦታው ለሕፃን ቅቤ ማላስና ውሃ ማጠጣት፣ በሽታን የሚከላከለውንም እንገር «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት የቆየ ልማድ ነው። ስድስት ወር ከሞላው በኋላም ጡት ብቻውን ለልጁ አይበቃውም፤ ገንፎው በጊዜው ሊደርስለት ይገባል።

ሁለተኛም ነገር አለ። እናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለድዋ በፊት 30፣ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን የዕረፍት ጊዜ ይሰጣል። እስቲ አስሉት፤ 90 ቀን ሦስት ወር ነው፤ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው ሕፃን ግን ስድስት ወር ይፈልጋል። የቀሩትን ሦስት ወራት እናቲቱ ከየት ታምጣቸው? ከማሳና ከገበያ የማትቀረውማ ይህም ዕረፍት የላትም። ታምማ ወይም ወተትዋ አንሶ ማጥባት ያልቻለች እናትም አለች። ልጆቹም ቢሆኑ አንድ አይደሉም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ከአንድ ማሕፀን የወጡት እንኳ በእኩል ጊዜ ጡት አይተዉም። እንግዲህ የማጥቢያን ዘመን ርዝመት የእናት ፍቅር መስፈሪያ ማድረግ ወይም የነቀፋ ምክንያት ማድረግ ሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንዲህ ያለውን ፍርድ ከሚያስከትሉት ነገሮች አንዱ እናትን በአንድ ሥዕል ብቻ መመልከት ነው። ይህ ደግሞ በአሜሪካዊቷ እናት አልተጀመረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን ዜና ተከትሎ፣ የረኃቡ ፎቶግራፎች በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጡ። ከእነርሱም መካከል ልጆቻቸውን የታቀፉ የከሱ እናቶች ሥዕሎች ብዙ ነበሩ። ሥዕሎቹ እርዳታ እንዲመጣ ማድረጋቸው ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የብዙዎቹ እናቶች ስም አልተጻፈም፤ ምን እንደሚያርሱ፣ ስንት ቀን በእግር እንደተጓዙ፣ ምን እንደሚሉም አልተጠየቁም። በአንደኛው ሥዕል እናት የድፍረት ምልክት ሆነች፤ በሌላኛው የመከራ ምልክት ሆነች። በሁለቱም ዘንድ ሰውነትዋ ታየ እንጂ ሐሳብዋ አልተሰማም።

ስለዚህ የእናት ፎቶግራፍ ባያችሁ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፤ ይህች ሴት ማን ናት? ራስዋ ምን ትላለች? ሥዕሉን በዚህ መልክ ያወጣው ሰው ከእኔ ምን ይፈልጋል? ለሦስቱ መልስ እስክታገኙ ድረስ ፍርዳችሁን አቆዩት።

ነገሩ ከመጽሔት ሽፋንም ይልቅ ለእናንተ የቀረበ ነው። ምናልባት በክፍላችሁ ውስጥ ወልዳ ወደ ትምህርትዋ የተመለሰች ልጅ ትኖር ይሆናል። በዕረፍት ሰዓት ልጅዋን ልታጠባ ወደ ቤት ሮጣ፣ ቀሚስዋ ላይ የወተት ጠብታ ይዛ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ ትገባለች። የኋላው ወንበር ቢሳሳቅባት፣ አንዱም በስልኩ ፎቶግራፍ ቢያነሳት፣ ያች ልጅ ከትምህርትዋና ከልጅዋ አንዱን እንድትመርጥ ተገደደች ማለት ነው። የጎደላትን ማስታወሻ ብታውሷት ግን ሁለቱንም ትይዛለች።

የእናት ጡት ነካሽ የሚባለው አገሩን የሸጠ ብቻ አይደለም። በእናቱ ወተት አድጎ በምታጠባ እናት ላይ የሚስቅም ስሙ ይኸው ነው።