የቀን ቁጥርና የሰው ድምፅ

ዜጋ የሰጠው ድምፅ በቀን አጻጻፍ ምክንያት ሊጣል ይገባልን? ከቶ አይገባም እንላለን።

አሜሪካ ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ምርጫ አደረገች። አሜሪካዊው ይህን ቀን 11/5/2024 ብሎ ይጽፈዋል፤ በአውሮፓ ልማድ ያነበበው ሰው ግን «ሜይ 11» ይለዋል። ለእኛ ደግሞ ዕለቱ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ የአሜሪካ ዜግነት ይዞ አዲስ አበባ የሚኖረውን ወገናችንን እናስብ። ከባሕር ማዶ ድምፅ ለመስጠት የሚሞላው ፎርም የልደቱን ቀን ሲጠይቀው ወሩን አስቀድም ይለዋል። እርሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ቀኑን ማስቀደም ነው፤ ያውም በሌላ የዘመን አቈጣጠር።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በፔንሲልቬንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ምርጫ ጊዜ፣ በፖስታ የተላከ የድምፅ ወረቀት በፖስታው ላይ ቀን ካልተጻፈበት ወይም የተሳሳተ ቀን ከተጻፈበት እንዳይቈጠር የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዘዘ። ወረቀቱ በጊዜው መድረሱን ግን የተረከበው መሥሪያ ቤት ራሱ ያውቀዋል!

«ሕግ ይከበር» የሚሉ አሉ። እኛም ይከበር እንላለን። ነገር ግን ሕግ የድምፁን ባለቤት ለመለየት እንጂ የቁጥር አጻጻፉን ለመፈተን አልወጣም። ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በተራ የሚያስቀምጠው ዓለም አቀፍ ደንብ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እርሱም ካልተወደደ ፎርሙ ወሩን በስሙ ያስጽፍ፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

እስከዚያው ድረስ በውጭ አገር ፎርም የምትፈርሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከሣጥኑ በታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳታነቡ ብዕር አታንሡ።