መሰላሉና ነደባው

ባለፈው ሰሞን በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ጎረቤቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቷን ይዛ ገባች። የቤቱን ዕቃ፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የቧንቧውን ፈረቃ ስትጠይቅ ቆይታ አንድ ጥያቄ ላይ ደረሰች። «እማማ፣ እስቲ መሰላል ያስቡ። ታችኛው ዜሮ፣ ላይኛው አስር ነው። ላይኛው ከሁሉ የተሻለው ኑሮ፣ ታችኛው የከፋው። አሁን እርስዎ ስንተኛው ላይ ነዎት?»

አዛውንቷ የተቀመጡበትን ነደባ በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። በሐረሪ ቤት መቀመጫው ራሱ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ከፍ ያለ አለ፣ ዝቅ ያለ አለ፣ ማን የት እንደሚቀመጥም ይታወቃል። «እሱማ እንደ እንግዳው ነው» አሉ። «ትልቅ ሰው ሲመጣ ዝቅ እላለሁ፣ ልጆች ሲመጡ ከፍ እላለሁ።» ልጅቷ ፈገግ ብላ «ቁጥር ይንገሩኝ» አለቻቸው። «እንግዲያው አምስት በይ፣ ልጄ።»

ያ አምስት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጥያቄው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የሃድሊ ካንትሪል ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን የሚደረድረው በዚሁ መሰላል ነው። ባለሙያዎቹ መልሶቹን በሪግሬሽን ከስድስት ነገሮች ጋር ያያይዟቸዋል፦ ከነፍስ ወከፍ ገቢ፣ በጤና ከሚኖር ዕድሜ፣ በችግር ጊዜ ከሚደርስ ሰው፣ በራስ ሕይወት ላይ ከመወሰን ነጻነት፣ ከልግስና፣ እንዲሁም ሰው ስለ ሙስና ካለው ግምት ጋር። ሞዴሉ ገቢያቸውና ጤናቸው እኩል የሆኑ አገሮችን አስተያይቶ፣ ደራሽ ያለው ሰው የሚበዛበት አገር ከሚያንስበት በስንት ደረጃ እንደሚበልጥ ያሰላል። ይህን ሥራ አከብረዋለሁ። ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ያገር ሽማግሌ ቢናገር ምክር ይባላል፤ በቁጥር ሲመጣ ግን በጀት የሚመድበው ሰው ጆሮ ይሰጠዋል።

ስድስቱ ነገሮች በአገሮች አማካይ መካከል ካለው ልዩነት ሦስት አራተኛውን ያህል ያብራራሉ። ይህ ግን አገርን ከአገር ሲያስተያዩ ነው። በአንድ ግንብ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ለምን አንዱ ሦስት፣ አንዱ ሰባት እንደሚል ሲጠየቅ የሞዴሉ ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ጥያቄ ነው።

ሐረር ደግሞ በአገር አቀፉ ስሌት ውስጥ ጭራሽ አትታይም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ ከ183 ሺህ ጥቂት በለጥ ያለ ነበር፤ የኢትዮጵያ 73.7 ሚሊዮን። ከሺህ ሰው ሁለት ተኩል ማለት ነው። ለመላ ኢትዮጵያ አንድ ሺህ ሰው በናሙና ቢጠየቅ፣ ከዚህ የሚደርሰው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ስለሚያውቅ እንደ ሐረሪ ካሉ ትንንሽ ክልሎች ከድርሻቸው በላይ ቤቶችን ይወስዳል፣ የአገሩን አማካይ ሲያሰላ ደግሞ ክብደታቸውን ይቀንሳል። ስለ ሕፃናት ክትባት ሐረር በራሷ ስም የምትናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ኑሮዋ እርካታስ ለምን በራሷ ስም አትናገርም?

ደራሽን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ ጥያቄ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ነው። እዚህ «አለ» የሚባለው ነገር ስም አለው፤ አፎቻ ይባላል። እድርን የሚያውቅ አንባቢ ሊገምተው ይችላል፦ ለሠርግም ለለቅሶም የሚሰበሰብ፣ የሴቶችና የወንዶች ተብሎ የተለየ። ለቅሶ ቤት ድስቱ የሚጣደው፣ እንግዳው የሚስተናገደው በአባላቱ ጉልበት ነው። አባል መሆን ማለት የሚደርስልህ ሰው ማግኘት ብቻ ሳይሆን አንተም ለሌላው መድረስ ነው። «አለ» የሚል አንድ ምልክት ይህን አይይዘውም።

ቁጥሩ ቢሰበሰብም ሌላ ወጥመድ አለ። የአፎቻ አባላት በመሰላሉ ላይ ከፍ ብለው ቢገኙ፣ ከፍ ያደረጋቸው አፎቻው ነው? ወይስ ኑሮ የከፋበት መዋጮውን መክፈል ሲያቅተው፣ አቅም ሲያጣ ቀድሞ ስለቀረ ነው? አንዲት የማውቃት እናት ከታመመች ወዲህ መሄድ ትታለች፤ ባዶ እጄን አልሄድም ትላለች። በአንድ ቀን መጠይቅ እሷ «ከአፎቻ ውጭ» ተብላ ትመዘገባለች፤ ከመታመሟና ከመቅረቷ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም። የቀደመውን የሚያሳየው በየጊዜው ወደዚያው ቤት መመለስ ነው። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. አንስቶ ሦስት ሺህ ያህል የኢትዮጵያ ልጆችን እየተመላለሰ የጠየቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ግን በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል እንጂ ሐረር አልነበረበትም።

ለእኛ መንገዱ ሩቅ አይደለም። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሐረር ላይ የሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው፤ ሠራተኞቹ ልደትን፣ ሞትንና ዝውውርን ለመመዝገብ በየጊዜው ወደ እነዚያው ቤቶች ይመለሳሉ። በሩ ተንኳኩቷል፣ ቡናውም ቀርቧል። መዝገቡ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጨመርልን፦ ከመሰላሉ ስንተኛው ላይ ነዎት? ባለፈው ሳምንት ውሃ ስንት ቀን ሳይመጣ ቀረ፣ ጀሪካኑንስ የተሸከመው ማን ነበር? ባለፈው ዓመት ከአፎቻ የቀሩበት ጊዜ ካለ፣ ምን አስቀረዎት?